ከማዘን ወደ መሥራት፦ የገጠር የእንስሳት መጠለያና የበጎ ፈቃደኞች ድርሻ



በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ከከተማ ወጣ ብሎ ስለሚገኝ የእንስሳት መጠለያና በዚያ በፈቃዳቸው ስለሚያገለግሉ ወጣቶች ነው። መጠለያ ስንል ባለቤት ያጡ፣ የቆሰሉ፣ ያረጁ ወይም ከሥራ ብዛት የደከሙ እንስሳት እስኪያገግሙ፣ ወይም ሌላ አሳዳጊ እስኪያገኙ ድረስ የሚቆዩበትን ቦታ ማለታችን ነው። በአገራችን እንዲህ ያለው ቦታ ጥቂት ነው። ባለበትም ሥፍራ ወደዚያ የሚመጡት በአብዛኛው ጀርባቸው የገጠበ አህዮች፣ ከጋሪ ተፈተው በመንገድ ዳር የተለቀቁ ፈረሶች፣ እንዲሁም ውሾችና ቡችሎቻቸው ናቸው።

እኛ የወጣቶች ክፍል አባሎች ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጣን በእንዲህ ያለ ቦታ እናገለግላለን። ከጠባቂው አባትና አልፎ አልፎ ከሚመጣው የእንስሳት ሐኪም የተማርነውን፣ በኋላም ተሰብስበን የተወያየንበትን እዚህ ላይ አቅርበናል። የትምህርቱን ፍሬ ነገር አስቀድመን ብንናገር ይህ ነው፤ በመጠለያ ያለን እንስሳ የሚያድነው ሰው አይቶት ማዘኑ ሳይሆን፣ ሰው በተራው ቀን ሳይቀር መምጣቱ ነው።

1. በቅድሚያ የሚነሣ ጥያቄ

አንዳንድ ሰዎች፣ «ሰው ሳይጠግብ ለአህያና ለውሻ መድከም ምን ይባላል?» ሲሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጠይቁትም ራሳቸው የተቸገሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በትክክል መመለስ ይገባናል።

በዓለም ላይ የአህያ ቁጥር በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች ኢትዮጵያ ቀዳሚዋ ናት። በገጠር እህል ወደ ወፍጮ ቤት፣ ውኃ ከወንዝ፣ ማገዶ ከጫካ የሚመጣው በአህያ ጀርባ ነው። አህያዋ የወደቀች ዕለት ጭነቱ መሬት ላይ አይቀርም፤ ወደ እናት ጀርባ ይተላለፋል። ውኃ የምትቀዳውም ልጅ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የአፍሪካ ኅብረት አገሮች መሪዎች በአዲስ አበባ ባደረጉት ጉባኤ አህያን ለቆዳው ሲባል ማረድ በአህጉሩ እንዲታገድ የወሰኑት፣ አህያ ከደሃው ቤት ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ተመልክተው ነው። ውሻም ቢሆን ካልተከተበና ካልተጠበቀ በሽታ ያመጣል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳውም ሕፃናትን ነው። እንግዲህ የእንስሳው ጉዳይ ከሰው ጉዳይ ተለይቶ ለብቻው የሚቆም አይደለም።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 ቁጥር 5 የጠላታችን አህያ እንኳ ከጭነቱ በታች ወድቆ ብናገኘው አልፈን እንዳንሄድ መታዘዙን እናስታውሳለን። በዚያ የታዘዘው አብሮ ማንሣት መሆኑን ልብ እንበል። ስለ ወደቀው አህያ ምን እንደሚሰማን አልተጠየቅንም።

ዳሩ ግን ጠያቂዎቹ በአንድ ነገር እውነት አላቸው። የሰውን ውኃ ተሻምቶ፣ ለሰው የሚሆነውን እህል ነጥቆ እንስሳን መርዳት አይገባም። ስለዚህ በእኛ ዘንድ አንድ ደንብ አለ፤ ይኸውም ለመጠለያው ውኃ የምንቀዳው የመንደሩ እናቶች ቀድተው ከጨረሱ በኋላ ነው። የምንሰበስበውም መኖ ሰው የማይበላው ጭድ፣ ሣር፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ነው።

2. እንስሳው የሚያስፈልገው ምንድን ነው?

በጎ ፈቃደኛ ወደ መጠለያ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ይዞ የሚሄደው ራሱ ደስ የሚለውን ነገር ነው፤ ዳቦ ይገዛል፣ ቡችላ ያቅፋል፣ ስም ያወጣል። እንስሳው የሚፈልገው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት የሚረዳ መመዘኛ አለ።

በእንግሊዝ አገር ሩት ሃሪሰን የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ እርባታ እንስሳት አያያዝ መጽሐፍ አሳተመች። መጽሐፉ ብዙ ሰው ስላነጋገረ መንግሥት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። በፕሮፌሰር ብራምቤል የሚመራው ይህ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረበው ዘገባ አንድ እንስሳ ቢያንስ መቆም፣ መተኛት፣ መዞር፣ ገላውን ማጽዳትና እግሮቹን መዘርጋት መቻል አለበት አለ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1979 ሐሳቡ ሰፍቶ «አምስቱ ነጻነቶች» በሚል ተዘጋጀ። እነዚህም፦

— ከረኃብና ከጥም ነጻ መሆን፤
— ከማይመች ማደሪያ ነጻ መሆን፤
— ከሕመም፣ ከቁስልና ከበሽታ ነጻ መሆን፤
— እንደ ተፈጥሮው ለመንቀሳቀስና ከመሰሎቹ ጋር ለመኖር መቻል፤
— ከፍርሃትና ከጭንቀት ነጻ መሆን ናቸው።

አምስቱን ጨርሶ ማሟላት ለየትኛውም መጠለያ ይከብዳል። ነገር ግን ወደ በሩ ስንገባ «ዛሬ ከአምስቱ የጎደለው የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። ሥራችንንም በዚሁ ቅደም ተከተል እንመልከት።

3. የየዕለቱ ሥራ

ሀ. ውኃ

በመጀመሪያው ቀን ከመካከላችን አንዳንዶቹ ጀርባዋ እስከ አጥንት የቆሰለች አህያ አይተው ሲያለቅሱ፣ ጠባቂው አባት ጀሪካን አቀበሏቸውና፣ «ልጆቼ፣ እንባችሁን አትጠጣም፤ በሉ ውኃ ቅዱ» አሏቸው። የዚህ ትምህርት ትልቁ ክፍል በዚህች ንግግር ውስጥ አለ።

አንድ አህያ እንደ አየሩ ሙቀትና እንደ ሥራው በቀን ከ10 እስከ 25 ሊትር ውኃ ይጠጣል። ፈረስ ከ25 እስከ 50 ሊትር ይፈልጋል። እንግዲህ 10 አህዮች በበጋ ፀሐይ እስከ 250 ሊትር ሊጨርሱ ይችላሉ፤ ይህም ባለ 25 ሊትር ጀሪካን 10 ጊዜ መሙላት ማለት ነው። አህያ ደግሞ የቆሸሸ ውኃ ይጸየፋል፤ ጠምቶትም እንኳ ሳይጠጣ ሊውል ይችላል። ስለዚህ ገንዳው በየጊዜው ተደፍቶ፣ ታሽቶ፣ ታጥቦ እንደገና መሞላት አለበት። የበርሜል ግማሽ ለገንዳ ሲውል የተቆረጠው ጠርዝ አፋቸውን እንዳይቆርጥ በመዶሻ ወደ ውጭ መታጠፍ ይገባዋል።

ለ. ጥላና ደረቅ ወለል

የአህያ ጠጉር እንደ ፈረስ ጠጉር ዝናብን አይመክትም። ዝናብ የመታው አህያ ቶሎ ይበርደዋል፣ ሳንባውንም ይታመማል። ጭቃና እበት ውስጥ ቆሞ የሚያድር ደግሞ ሰኮናው ይበሰብሳል። ስለዚህ ከክረምት በፊት ሦስት ነገር መሠራት ይኖርበታል። አንደኛ፣ በባሕር ዛፍ አጠናና በቆርቆሮ ጣራ ያለው ጋጣ ማቆም፤ የምስማሮቹ ጫፍ ወደ ውስጥ ወጥቶ እንዳይወጋ መታጠፍ አለበት። ሁለተኛ፣ ወለሉን በድንጋይና በገረጋንቲ ከፍ አድርጎ ወደ አንድ ወገን ማዘንበል። ሦስተኛ፣ በዙሪያው የጎርፍ መውረጃ ቦይ መቆፈር። ይህ ሁሉ በዶማ፣ በአካፋና በሰው ጉልበት የሚሠራ ነው። ከግድግዳው በላይ ያለው ክፍት ሆኖ ነፋስ ማስገባት አለበት፤ አየር የማይገባበት ጋጣ በሽንት ሽታ ዐይንና ሳንባ ይጎዳልና። ለውሾች ደግሞ ከመሬት ከፍ ያለ የጣውላ መኝታ ይበቃል።

ፍጉ በየቀኑ ይዛቃል። ራቅ ባለ ጉድጓድ ከተከማቸ በኋላ ለአካባቢው ገበሬዎች ማዳበሪያ ይሆናል። መጠለያው ለጎረቤቱ የሚሰጠው ነገር ሲኖረው ጎረቤቱም ጭድ ሲያመጣ አይከብደውም።

ሐ. መኖ

ሥራ ላይ ያልዋለ አህያ በቀን የክብደቱን ከመቶ 1.3 እስከ 1.8 እጅ ያህል ደረቅ መኖ ይበቃዋል። 150 ኪሎ ለሚመዝን አህያ ይህ ከ2 እስከ 2.7 ኪሎ ገደማ ነው። ዋናው መኖ ጭድና ሣር ሲሆን ሻጋታ ያለበት ከሆነ መጣል አለበት። ለብዙ ቀን የተራበን እንስሳ በአንድ ጊዜ ብዙ እህል ማብላት ከረኃቡ ይልቅ ሊገድለው ይችላል፤ ትንሽ ትንሽ እየሰጡ ቀስ በቀስ መጨመር ነው። በግቢው ውስጥ የወደቀ ፌስታልና ገመድ ሁሉ በየጠዋቱ ይለቀማል፤ አህያ ከበላው ሆዱን ይዘጋበታልና።

ስለ ውሾችም አንድ ነገር እናስታውስ። ከየቤታችን የሚተርፈውን ወጥ ማምጣት የተለመደ ነው። ዳሩ ግን ሽንኩርት ጥሬም ሆነ የበሰለ የውሻን ደም ይጎዳል፤ የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰብሮ አንጀት ይወጋል። ስለዚህ ወጥ ያልነካው እንጀራና ቂጣ ከተቀቀለ ሥጋ ትራፊ ጋር ቢሰጥ ይሻላል።

መ. ለይቶ ማቆየት

በአገራችን «ክፉ ቀን» ተብሎ የሚታወሰው እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 የነበረው ታላቅ ረኃብ የተነሣው በአብዛኛው በከብት ደስታ በሽታ ምክንያት ነው። በሽታው በምጽዋ በኩል ከውጭ ከገቡ ከብቶች ጋር እንደ መጣ ይነገራል። የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ስለፈጀ በሬ ጠፋ፤ በሬ ስለጠፋም እርሻ ተቋረጠ። ይህ በሽታ ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከታሪኩ የምንማረው አዲስ የመጣን እንስሳ ሳይለዩ ከነባሮቹ መቀላቀል ምን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል ነው።

ስለዚህ አዲስ ገቢ ሁሉ ሐኪም እስኪያየው፣ ቢያንስም ለ14 ቀን ያህል፣ በተለየ ሥፍራ ይቆያል። የራሱ ባልዲና የራሱ መጥረጊያ ይመደብለታል። ስንሠራም ከጤነኞቹ ጀምረን በበሽተኞቹ እንጨርሳለን፤ ተመልሰን ወደ ጤነኞቹ አንሄድም። ዕቃ በበረኪና ከመነከሩ በፊት ቆሻሻው በውኃና በሳሙና መታጠብ አለበት፤ በረኪና እበት ባለበት ላይ ኃይሉን ያጣልና።

ሠ. አጥርና ሌሊት

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይባላል። በገጠር መጠለያ ይህ ተረት ብቻ አይደለም። ቀን ሙሉ የታከመ እንስሳ በአንድ ሌሊት የጅብ ራት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አጥሩ በድንጋይ ካብ ወይም በወፍራም እሾህ ይጠናከራል፤ አህዮችና ፈረሶች ከመምሸቱ በፊት በሚዘጋ ጋጣ ይገባሉ፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ሁለተኛ ሰው መዝጊያውን ነክቶ ያረጋግጣል። እንስሳን ሜዳ ላይ በገመድ አስሮ ማሳደር እንዳይሸሽ አድርጎ ለጅብ መስጠት ነው። የማታው የመጨረሻ ሥራ ቆጠራ ነው።

ረ. መዝገብ

ብዙዎች የሚንቁት ግን የሚጠቅም ሥራ ይህ ነው። በአንድ ደብተር ላይ የገባበት ቀን፣ መልኩ፣ ቁስሉ፣ የተሰጠው መድኃኒትና ክትባት፣ የበላና ያልበላበት ቀን ይጻፋል። የእንስሳት ሐኪም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ቢመጣ «ከመቼ ጀምሮ ነው መብላት ያቆመው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ከደብተሩ ይገኛል። እንስሳ ስለ ራሱ መናገር ስለማይችል ደብተሩ ይናገርለታል።

4. ከእብድ ውሻ በሽታ ራስንና መንደሩን መጠበቅ

በመጠለያ ከሚያገለግሉት ሁሉ ይህን ክፍል ሳያጠና ወደ ውሾች መቅረብ የሚገባው ማንም የለም።

የእብድ ውሻ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ ነው። የታመመ እንስሳ ሲነክስ፣ ወይም ምራቁ ቁስል ሲነካ ይተላለፋል። በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ምልክቱ ከመታየቱ በፊት መከላከያ አለው፤ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ ከተከተበ ወዲህ ይህ የታወቀ ነው። በሰው ላይ ከሚደርሰው 100 ውስጥ 99ኙ የሚመጣው ከውሻ ነው። በበሽታው ከሚሞቱት ሰዎች መካከል ከ10 አራት ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ስለዚህ የሚከተሉት አራት ነገሮች በቃል ሊያዙ ይገባል።

አንደኛ፣ ውሾችን የሚነካው አስቀድሞ የተከተበ ሰው ብቻ ነው። ሌሎቻችን በውኃ፣ በፍግ፣ በአጥርና በአህዮች በኩል እናገለግላለን።

ሁለተኛ፣ የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያጥባል፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ መተው፣ ቡና ወይም ቅጠል መነስነስ፣ በባህል መድኃኒት ጊዜ ማጥፋት ሕይወት ያሳጣል።

ሦስተኛ፣ የነከሰው ውሻ የሚያዝ ከሆነ ለ10 ቀን ተለይቶ ይጠበቃል። እስከዚያ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ይሁን እንጂ የሰውየው ሕክምና ይህን እስኪያዩ ድረስ መዘግየት የለበትም።

አራተኛ፣ በሽታው አህያንና ከብትንም ይይዛል። መዋጥ ያቃተው፣ አፉ የሚያዝረበርብ እንስሳ ሲታይ «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብሎ እጅን ወደ አፉ መስደድ አደገኛ ነው። ሐኪም መጥራት ነው።

በእኛ መጠለያ አጠገብ ያሉት ነዋሪዎች በመጀመሪያ ቦታው እንዲዘጋ ይፈልጉ ነበር። «ውሻ ከየቦታው ሰብስባችሁ ልጆቻችንን ልታስነክሱ ነው» ይሉ ነበር። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። በብዙ ከተሞች ሲሠራበት የኖረው መፍትሔ ውሾችን በመርዝ መግደል ነው። ነገር ግን የተገደሉትን ያልተከተቡ ሌሎች ውሾች ስለሚተኩ በሽታው አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከአካባቢው ውሾች ከመቶ 70 እጅ እንዲከተቡ ነው። ስለዚህ የክትባት ቀን ሲመጣ የመጠለያው ውሾች ብቻ ሳይሆኑ የጎረቤቱም ሁሉ እንዲከተቡ ከቤት ወደ ቤት እየዞርን ነገርን፤ ውሻውን መያዝ ላቃተውም ያዝንለት። ዛሬም ሁሉም ሰው ተስማምቷል አንልም። ሆኖም ቦታው ይዘጋ የሚለው ቀርቶ፣ «የሚቀጥለው ክትባት መቼ ነው?» የሚሉ በርክተዋል።

5. ከምንጩ መጀመር

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው፣ መጠለያ ሲጨናነቅ ጠባቂውን መውቀስ ቀላል ነው። የሚያጨናንቀው ግን ከበሩ ውጭ ያለው ነገር ነው።

አህዮቹ የሚመጡት በገጣባ ነው። ገጣባ የሚመጣውም ጭነቱ አከርካሪውን ሲጫን፣ ገመዱ ሲፈገፍግ፣ መደላድሉ ሲሳሳ ወይም ሲርስ ነው። በሁለቱ ጎን ተመጣጥኖ የሚቀመጥ፣ መካከሉ በአከርካሪው ላይ ክፍት የሆነ፣ በጭድ የተሞላ ወፍራም መደላድል ብዙ ቁስል ያስቀራል። የምንፈልገው ነገር ጆንያ፣ ጭድና የጆንያ መስፊያ ወስፌ ነው። በገበያ ቀን ከአህያ መቆሚያው አጠገብ ሁለት ሰው ተቀምጦ መደላድል ቢሰፋ፣ ወደ መጠለያው የሚመጣውን የቁስለኛ ቁጥር በሩቁ ይቀንሳል። ባለቤቱንም በአክብሮት ማነጋገር ይገባል። «አባባ፣ አህያዎ እዚህ ላይ ሊቆስል ጀምሯል፤ ይህን ከሥር ቢያደርጉለት ብዙ ዘመን ያገለግልዎታል» የተባለ ሰው ይሰማል። የተሰደበ ግን አህያውን እየነዳ ይሄዳል፤ ቁስሉም አብሮ ይሄዳል።

ውሻ ደግሞ የምታረግዘው ለ2 ወር ያህል ብቻ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜም ልትወልድ ትችላለች። ስለዚህ ቡችላ በማሳደግ ብቻ መጨረሻው አይደረስም። በሐኪም እጅ ማምከን በሚቻልበት አካባቢ የመጀመሪያው ገንዘብ ለዚህ ቢውል፣ ለዓመታት መኖ ከመግዛት ይልቅ ይጠቅማል።

6. ከባድ ውሳኔዎች

ስለ ሁለት ከባድ ነገሮች ሳንናገር ብናልፍ ትምህርቱ ጎዶሎ ይሆናል።

የመጀመሪያው «አልችልም» ማለት ነው። ለ12 አህዮች በተሠራ ጋጣ 20 ቢገቡ፣ ውኃው ያንሳል፤ ደካሞቹ ከገንዳው ይገፋሉ፤ በሽታ ይዛመታል። ስምንቱን የተቀበልን መስሎን ሀያውን እንጎዳለን። ስለዚህ መጠለያው የሚችለውን ቁጥር አስቀድሞ መወሰንና መጻፍ አለበት። ሲሞላም በሩ ላይ የመጣውን ቁስለኛ ባለበት ቦታ ማከምና ባለቤቱን መርዳት ይቻላል። የዱር እንስሳ ከሆነ ግን ጨርሶ የእኛ ሥራ አይደለም፤ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ማስታወቅ ነው። በሆለታ አቅጣጫ የሚገኘውን «እንስሳ ኮቴ»ን የመሰለ፣ ከሕገ ወጥ ይዞታ የተወሰዱ አንበሶችንና አቦ ሸማኔዎችን የሚንከባከብ ሥፍራ አለ። አቦ ሸማኔ ግልገሏ ብታምርም የበጎ ፈቃደኛ መጫወቻ አይደለችም።

ሁለተኛው የማይድን እንስሳ ነገር ነው። እግሩ ተሰብሮ ሊነሣ የማይችል ፈረስ ሲገኝ በብዙ ቦታ የሚደረገው መንገድ ዳር መተው ነው። «ነፍሱን እኔ አላጠፋሁም» ለማለት ያህል የተተወው ፈረስ ግን ሲመሽ ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም እናውቃለን፤ ጅብ ከነሕይወቱ ይበላዋል። ሐኪሙ መርምሮ ተስፋ የለውም ካለ፣ ያለ ሥቃይ እንዲያርፍ ማድረግ ከመተው ይልቅ ርኅራኄ ነው። ውሳኔው የሐኪሙና የመጠለያው ኃላፊ ነው እንጂ በወጣቶች ድምፅ ብልጫ የሚወሰን አይደለም። ማየት የማይፈልግ አባል እንዲያይ አይገደድም። በደብተሩም ላይ ቀኑና ምክንያቱ ይጻፋል። በዚህ ጉዳይ በእኛም መካከል ልዩ ልዩ ሐሳብ አለ፤ ስለዚህ ለውይይት አቅርበነዋል።

7. ሥራው እንዳይቋረጥ

የበጎ ፈቃድ ሥራ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ወር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 30 ሰው ይመጣል፤ ዝናብ ሲጀምር አራት ይቀራል። እንስሳው ግን በዝናብም ይጠማል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና ሥራው ይከፋፈል። ለእያንዳንዱ ቀን ሁለት ሁለት ሰው በስም ይመደብ፤ የማይችል ሰው ራሱ ተተኪ ያምጣ። አንድ ሰው ውኃን፣ አንዱ መዝገብን፣ አንዱ ገንዘብን በኃላፊነት ይያዝ። የገቢና የወጪ ሒሳብ በየወሩ በሁሉ ፊት ይነበብ። ፈተና ላለባቸው ተማሪዎች ተራው ይቅለል፤ ሥራ ላይ ያሉት ይሸፍኑላቸው። ጠባቂው የሚነግሩንንም እንስማ፤ እኛ በሳምንት አንድ ቀን ስንመጣ እሳቸው ሰባቱንም ቀን እዚያው ናቸውና።

ይህን ሁሉ ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አራት ጀሪካን፣ ሁለት አካፋ፣ አንድ ዶማ፣ ብሩሽ፣ ሳሙና፣ በረኪናና አንድ ደብተር ካለ ለመጪው ቅዳሜ ይበቃል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከአምስቱ ነጻነቶች በአካባቢያችሁ ባሉ አህዮችና ፈረሶች ዘንድ ከሁሉ የጎደለው የቱ ነው? በምን ታውቃላችሁ?

2. 6 አህዮችና 2 ፈረሶች ላሉበት መጠለያ በሙቀት ቀን እስከ ስንት ሊትር ውኃ ሊያስፈልግ ይችላል? ስንት ሰው፣ ስንት ጊዜ ቢመላለስ ይቀዳል?

3. ጎረቤታችሁ ልጁ በውሻ ተነክሶ ቤት ውስጥ ቢያስቀምጠው ምን ትሉታላችሁ? በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎችስ ምን ታደርጋላችሁ?

4. መጠለያው ሞልቶ ሳለ አንድ ገበሬ ገጣባ አህያ ነድቶ ቢመጣ ምን ይደረግለት?

5. የማይድንን እንስሳ ስለማሳረፍ የአባቶቻችሁ ሐሳብ ምንድን ነው? ጠይቃችሁ መልሱን ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ።